ሽቦው የሚዞርበት ቦታ
(ከቨርደን፣ ቤይሩት የተላከ ግለ ሒስ)



ሒስና ግለ ሒስ የሚሉት ቃላት በማኅበራችን ልሳን ላይ ብዙ ጊዜ ተጽፈዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሒሱ ለሌላው፣ ግለ ሒሱ ደግሞ ለስብሰባ ማሳረጊያ ሲሆን ታዝበናል። እኛ ዛሬ የምናቀርበው ግለ ሒስ ስለ አቋም ወይም ስለ መስመር አይደለም፤ መስመር ከተባለም የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ይኸውም ሁለታችን፣ በቤይሩት የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የምንማር ኢትዮጵያውያን፣ በአንድ የብረት ቱቦ መታጠፊያ ላይ ስለ ፈጸምነው ስሕተትና ስሕተቱ በአንዲት እኅታችን ሕይወት ላይ ሊያደርስ ስለ ነበረው አደጋ ነው። ነገሩ ለምሕንድስና ተማሪዎች ብቻ የሚጠቅም ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በማንኛውም ሙያ የሚማር ሰው የራሱን ጥፋት ሊያይበት ስለሚችል ሁሉም እንዲያነበው እንጠይቃለን። ቁጥሮቹንም አንዘልም፤ ጥፋቱ ያለው ከቁጥሮቹ ውስጥ ነውና።

ቨርደን በምዕራብ ቤይሩት ያለ ሰፈር ነው። ስሙ የመጣው ፈረንሳዮችና ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1916 ለወራት ከተላለቁበት የጦር ሜዳ ነው። ዋናው መንገድ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1987 በተገደሉት በጠቅላይ ሚኒስትር ራሺድ ካራሚ ስም ቢሰየምም፣ ታክሲ ነጂውና ሱቀኛው ዛሬም ቨርደን እንጂ ሌላ አይሉትም። ሰፈሩ የባለጸጎች ነው። ልብስና ጌጥ የሚሸጥባቸው ትልልቅ መደብሮች፣ ቡና ቤቶች፣ ዘበኛ የቆመባቸው አሥርና አሥራ ሁለት ፎቅ ሕንጻዎች ተደርድረዋል። ከነዚህ ፎቆች ጀርባ ደግሞ ሌላ ቨርደን አለ፤ የቆሻሻ መውረጃው፣ የአገልግሎት ደረጃው፣ የጄኔሬተሩ ጓሮ፣ ናጡር የሚባለው የሕንጻ ጠባቂ ከነቤተሰቡ የሚያድርበት አንድ ክፍል፣ በየኩሽናው ጎን ባለች ጠባብ ክፍል የሚያድሩት የሀገራችን ልጆች። እኛ ቨርደንን የምናውቃት በዚህ በጀርባዋ በኩል ነው።

ስለ ሊባኖስ መብራት ጥቂት ካላልን የሚቀጥለው ነገር አይገባም። የመንግሥቱ የኤሌክትሪክ ድርጅት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከ1975 እስከ 1990 የቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ጣቢያዎቹንና መስመሮቹን ጎዳ። ሰላም ወረደ ከተባለ በኋላም መብራቱ ሙሉ ሆኖ አልተመለሰም። ከ2019 ቀውስ በፊት ቤይሩት ከተማ ውስጥ በቀን የሦስት ሰዓት መቋረጥ የተለመደ ሲሆን፣ ከከተማዋ ውጭ ያለው ሕዝብ ከዚያ በጣም የበዛ ሰዓት በጨለማ ያሳልፍ ነበር። በመሆኑም በየሰፈሩ የግል ጄኔሬተር ያለው ሰው ኮረንቲ በአምፔር ይሸጣል። ኢሽቲራክ ይሉታል። ደሀው 5 አምፔር ይገዛል፤ በ220 ቮልት ይህ 1100 ዋት ማለት ነው፤ የውሃ ማሞቂያውን ከለኮሰ ካውያውን መንቀል አለበት። የናጠጠው ሕንጻ ግን የራሱን ጄኔሬተር ያቆማል። በጥቅምት 9 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ዲር ዓማርና ዛህራኒ የሚባሉት ሁለት ትልልቅ ጣቢያዎች ነዳጅ አልቆባቸው ሲቆሙ አገሪቱ በሙሉ ከመንግሥት መብራት ተለየች። ከዚያ ወዲህ ለሦስት ሰዓት መጠባበቂያ ተብሎ የተገዛው ጄኔሬተር የቀኑን አብዛኛውን ክፍል የሚሠራ ዋና ምንጭ ሆነ። ይህችን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን። ለሦስት ሰዓት ሲሞቅ ችግሩን የማያሳይ ጠባብ መገጣጠሚያ ለሃያ ሰዓት ሲሞቅ ያሳያልና።

እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምት (የፈረንጆቹ በጋ) ኪሳችን ደርቆ ስለ ነበር ለአንድ የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭ ንድፍ በመሥራት ተቀጠርን። የተቋራጩን ስም አንጠቅስም፤ ጥፋቱን በእርሱ ላይ ለመደፍደፍ አልተነሣንምና። ሥራው በቨርደን አንድ አሥር ፎቅ ሕንጻ ላይ አሮጌውን ጄኔሬተር በ200 ኪሎ ቮልት አምፔር መተካት ነበር። በ380 ቮልት ይህ 300 አምፔር ያህል ይሆናል። ጄኔሬተሩ በጓሮ ነው፤ ማከፋፈያ ሰሌዳው ከምድር ቤቱ በላይ ነው። መስመሩ የጓሮውን ግንብ በስቶ ወደ ምድር ቤት ይገባል፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይታጠፋል። አንድ ዘጠና ዲግሪ መታጠፊያ፤ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

የተመረጡት ሽቦዎች አራት ነጠላ የመዳብ ሽቦዎች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 150 ካሬ ሚሊሜትር ናቸው፤ ሦስት ለፌዞቹ፣ አንድ ለኒውትራል። የአንዱ ውጫዊ ስፋት ከነልባሱ 22 ሚሊሜትር ሆኖ አገኘነው፤ ይህ 380 ካሬ ሚሊሜትር ይሸፍናል፤ አራቱ 1520። ሊባኖስ የፈረንሳይ ሞግዚትነት የነበረባት አገር ስለሆነች የፈረንሳይ የኤሌክትሪክ ደንብ በየቢሮው አለ። ደንቡ ሽቦዎቹ ከቱቦው ውስጣዊ ስፋት ከአንድ ሦስተኛ በላይ እንዳይይዙ ያዛል። ባለ 3 ኢንች ወፍራም የብረት ቱቦ ውስጡ 4840 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ነው። 1520ን ለ4840 ስናካፍል 31 ከመቶ ሆነ። ከአንድ ሦስተኛ ያንሳል። የአሜሪካኖቹም ደንብ ከሁለት በላይ ለሆኑ ሽቦዎች 40 ከመቶ ስለሚፈቅድ በሁለቱም መጻሕፍት አለፍን። እጅግ ደስ አለን። ወረቀቱ ላይ አሰመርንበት፤ «ይበቃል» ብለንም ጻፍንበት።

መታጠፊያው ላይ ስንደርስ አንድ የውሃ ቱቦ ከግንቡ ጎን ያልፋል፤ ትልቅ ሳጥን ለማስቀመጥ ቦታ የለም። ስለዚህ በንድፉ ላይ ክዳን ያለው ባለ 3 ኢንች ክርን ሣልን። ይህ ክርን ከብረት የሚቀለጥ፣ በአንድ ጎኑ በብሎን የሚታሰር ክዳን ያለው፣ ሽቦውን ከፍቶ ለመሳብ የሚያመች መገጣጠሚያ ነው። በአረቦቹ ሠራተኞች አፍ ኩዕ ይባላል፤ እነርሱም እንደኛ ክርን ማለታቸው ነው። ቱቦው 3 ኢንች፣ ክርኑም 3 ኢንች፤ ጥርሱ ከጥርሱ ይገጥማል፤ ከገጠመ ምን ቀረ አልን። የማመዛዘን ችሎታችን እዚህ ላይ አበቃ።

በቦታው የሚሠራ አንድ አዛውንት ኤሌክትሪሻን ነበሩ፤ ሁሉም «ሙዓለም» ይሏቸዋል፤ ባለሙያ፣ አስተማሪ ማለት ነው። ንድፉን አዩና የተጨበጠ እጃቸውን በክርኑ አፍ ውስጥ ከትተው አወጡት፤ «ደይአ፣ ደይአ» አሉን። ጠባብ ነው ማለታቸው ነው። እኛም ስሌቱን አወጣንላቸው፤ 31 ከመቶ! ሙዓለም ፈረንሳይኛውን ወረቀት ማንበብ አይችሉም። ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው ሄዱ። ከሠራተኛው እንማር እያልን በስብሰባ የምንናገር ሰዎች፣ የሠራተኛውን ጭብጥ ከወረቀታችን አሳንሰን ማየታችን የመጀመሪያው ጥፋታችን ነው።

የሁለተኛው ጥፋታችን ምንነት የሚታወቀው መጽሐፉን ሲያነቡት ነው። የገዛናቸው ቱቦና ክርን የአሜሪካን ሥሪት ዓይነት ነበሩ። ቱቦው ስንት ሽቦ ይይዛል የሚለውን ጥያቄ ከፈረንሳዩ መጽሐፍ መለስን፤ ሽቦው የሚታጠፍበት ሳጥን ምን ያህል ይሁን የሚለውን ጥያቄ ግን ከየትኛውም መጽሐፍ አልጠየቅንም። የአውሮፓው ደንብ በዚህ ረገድ የሚለው በጥቅሉ መታጠፊያው ሽቦውን የማይጎዳ ይሁን ነው፤ ማጠፊያውን የመመጠኑ ሥራ የመሐንዲሱና የኬብሉ አምራች ነው። የአሜሪካኑ ግን ስሌቱን ራሱ ያስቀምጣል። ከ4 ቁጥር ሽቦ ጀምሮ፣ ማለትም 21 ካሬ ሚሊሜትር ከሚያህለው አንሥቶ ወደ ላይ ላለው፣ የመሳቢያ ሳጥን የሚለካው በሚይዘው አየር ሳይሆን በርዝመት ነው። ምክንያቱም ቀጭን ሽቦ በጣት ይታጠፋል፤ ወፍራም ሽቦ ግን ይገፋል፣ ይመለሳል፣ ቦታ ካጣም የገዛ ልባሱን በብረቱ ጠርዝ ላይ ይልጣል።

ሕጉ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ሽቦው በአንድ ግድግዳ ገብቶ ፊት ለፊት ባለው ቀጥታ የሚወጣ ከሆነ የሳጥኑ ርዝመት ከትልቁ ቱቦ ስም ስፋት 8 እጥፍ አያንስም፤ ለ3 ኢንች ቱቦ 24 ኢንች መሆኑ ነው። ሁለተኛ፣ ሽቦው በሳጥኑ ውስጥ የሚታጠፍ ከሆነ፣ ከገባበት ግድግዳ እስከ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ያለው ርቀት ከትልቁ ቱቦ 6 እጥፍ ሆኖ፣ በዚያው ግድግዳ በዚያው ረድፍ የሚገቡ የሌሎች ቱቦዎች ስፋት ይደመርበታል። ሦስተኛ፣ ያንኑ ሽቦ የያዙት የመግቢያውና የመውጫው ቀዳዳዎች በመካከላቸው ያለው ርቀት ከትልቁ ቱቦ 6 እጥፍ አያንስም። ክዳን ያለው ክርን ከነዚህ ልኮች እንዲያንስ የሚፈቀደው ተመርምሮ የጸደቀ ሲሆንና ስንት ሽቦ፣ በምን ውፍረት እንደሚችል በራሱ ላይ በማይጠፋ ጽሕፈት የተመለከተ ሲሆን ብቻ ነው። የእኛ ክርን ላይ የተጻፈ ምንም አልነበረም። 3 ኢንች መሆኑን ነገረን፤ ስንት 150 መያዝ እንደሚችል ግን አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ሥራው ተፈጸመ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ሊፍቱ ወጣ፣ ሁሉም ተጨባበጠ። ገንዘባችንን ተቀብለን ትምህርታችንን ቀጠልን።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ፣ ቤይሩት ዝናብና የባሕር ነፋስ በሚበዛባት ጊዜ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ ስልክ ተደወለ። የደወለችልን በዚያው ሕንጻ ሰባተኛ ፎቅ የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። ብዙ የሀገራችን ልጆች የዕረፍት ቀን ያገኙ እንደሆነ እሑድ ዶራ አካባቢ ይገናኛሉ፤ እኛም እንጀራ ፍለጋ ስንሄድ ነው የተዋወቅናት።

«ወንድሞቼ፣ እናንተ መብራት ነው የምትማሩት ብላችሁኝ የለ? የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ከኩሽናው ጀርባ ከቱቦው ጉድጓድ ነው የሚመጣው» አለች።

«ለማዳም ነገርሻት?» አልናት።

«ማዳም ተራራ ናቸው፤ እሑድ ማታ ነው የሚመለሱት። ደወልኩ፤ መስኮት ክፈቺ አሉኝ።»

«እንግዲያው ቶሎ ውጪ፤ ደረጃውን ይዘሽ ውረጂ።»

ጥቂት ዝም አለች። «በምን እወጣለሁ? ቤቱ ከውጭ ነው የሚቆለፈው» አለች።

ወገኖቻችን፣ ከሐምራ እስከ ቨርደን በእግር ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ያን ማታ በስንት እንደ ደረስን አናውቅም። በመንገድ ላይ ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር ነበር፤ አንዳችን ለሌላው ግን አልተናገርንም። ያ ጉድጓድ፣ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ የሚወጣው የቱቦዎች መተላለፊያ፣ እኛ በሣልነው ወረቀት ላይ አለ። ከሥሩ ያለው መታጠፊያም አለ። ከጉድጓዱ በየፎቁ ያለው መክፈቻ በእሳት መከላከያ አልተደፈነም፤ ጭስ ከተነሣ እንደ ጭስ ማውጫ ስቦ ወደ ላይ ያወጣዋል። በሰባተኛው ፎቅ ደግሞ ቁልፍ የሌላት ሰው አለች።

ናጡሩ በሩን ከፈተልን፤ እርሱና ልጆቹ የሚያድሩት ከዚያ ክፍል ግድግዳ ጀርባ ነው። ሽታው ከደረጃው ይጀምራል። ጄኔሬተሩን አስቆምን፤ ሕንጻው በሙሉ ጨለመ፤ ከየፎቁ የሚጮህ ሰው በዛ። በእጅ ባትሪ ብርሃን የክርኑን ክዳን ፈታን። ክዳኑ ገና ብሎኖቹ ሲላሉ በራሱ ተነሣ፤ ከሥሩ የተጨነቀው ሽቦ ገፋው። ከአራቱ የአንዱ ልባስ በክዳኑ ተደፍጥጦ ጠፍጣፋ ሆኗል። ሌላው ደግሞ ከቱቦው አፍ ላይ፣ የፕላስቲክ ቀለበት መግባት ሲገባው ባልገባበት በሰላው ጠርዝ ላይ፣ ተልጦ መዳቡ ሊታይ ምንም አልቀረውም። ዙሪያው እንደ ጥላሸት ጠቁሯል፤ ብረቱም በእጅ አይነካም።

የሆነው ይህ ነው። ሽቦዎቹ ሲሳቡ በጠባቡ ክርን ውስጥ በኃይል ዞረው ልባሳቸው ተላጠ። ክዳኑ በብሎን ኃይል ሲዘጋ ተጨነቁ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጭነት ሲበዛ መዳቡ ይሞቃል፣ ይረዝማል፣ ይንቀሳቀሳል፤ ሲቀንስ ይመለሳል፤ የጄኔሬተሩም ንዝረት ይጨመርበታል። ጠርዙ ላይ ያለው ልባስ በዚህ መፋተግ እየሳሳ ሄደ። የክረምቱ እርጥበትና የባሕሩ ጨው ሲጨመርበት ኮረንቲው ቀስ በቀስ ወደ ብረቱ መሹለክና ልባሱን ማክሰል ጀመረ። ብሬከሩ ለምን አልወረደም? ብሬከሩ የሚጠብቀው ብዙ መቶ አምፔር ነው፤ እንደ ውሃ ጠብታ የሚሾልከውን አያየውም። ያየችው፣ ማለትም ያሸተተችው፣ የሰባተኛ ፎቋ እኅታችን ናት። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ይህን ነው፤ ቅጠሉን ያቀበለችን እርሷ ናት።

ከክርኑ አፍ እስከ ጀርባው ስንለካ 10 ሳንቲሜትር ያህል ነበር። ያን ጊዜ ብቻ የኬብሉን ወረቀት አወጣን፤ አምራቹ ሽቦው ከውጫዊ ስፋቱ 8 እጥፍ ባነሰ ሬዲየስ እንዳይታጠፍ ይላል። 22 ጊዜ 8፣ 176 ሚሊሜትር ነው። በ10 ሳንቲሜትር ውስጥ 17 ሳንቲሜትር የሚፈልገውን መታጠፊያ ከትተነዋል። ሙዓለም ይህን በጭብጣቸው ለክተው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሙዓለም መጡ። አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩም፤ እርሱ ነው የከበደን። የውሃ ቱቦው እንዲዛወር ተደረገ፤ አንድ ክንድ የማይሞላ ነገር ነው፤ በመጀመሪያም ሊደረግ ይችል ነበር። በዚያው ግድግዳ ጎን ለጎን የሚገባ ሌላ ባለ 2 ኢንች ቱቦ ስላለ፣ 6 ጊዜ 3፣ 18፣ ሲደመር 2፣ 20 ኢንች ሆነ፤ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ የብረት ሳጥን ማለት ነው። ሳጥኑ ሲመጣ ሌላ ስሕተት ልንሠራ ነበር። የመግቢያውንና የመውጫውን ቀዳዳ ሁለቱ ግድግዳዎች ከሚገናኙበት ማዕዘን አጠገብ ምልክት አደረግን፤ አጭር መንገድ መስሎን። ሙዓለም በጠመኔ ሰረዙት። ቀዳዳዎቹ በዚያ ቢበሱ ሳጥኑ 20 ኢንች ቢሆንም ሽቦው የሚዞረው በስድስት ኢንች ውስጥ ይሆን ነበር፤ ሦስተኛው ሕግ የተጻፈው ለዚህ ነው። ቀዳዳዎቹን ከማዕዘኑ አርቀን፣ አንዱን ከታች፣ ሌላውን ከቀኝ ዳር በሳን፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ18 ኢንች በለጠ። የቱቦዎቹ አፎች የፕላስቲክ ቀለበታቸውን ለበሱ። የተጎዱት ሽቦዎች በአዲስ ተተኩ። አዲሶቹ ሽቦዎች በሳጥኑ ውስጥ ሰፋ ብለው፣ ማንንም ሳይነኩ ዞሩ። ክዳኑ በአንድ ጣት ተገፍቶ ተዘጋ። ትክክለኛ ልክ ማለት ይህ መሆኑን ያን ዕለት አየን፤ ክዳኑ ሲዘጋ ሽቦው የማይመልስለት።

እስከዚህ ድረስ ያለው የቴክኒክ ስሕተት ነው፤ እርሱ ይታረማል። የሚከተለው ግን የበለጠ ያሳፍረናል። የሕንጻው ነዋሪዎች ኮሚቴ ጠርቶ አመሰገነን። ቅዳሜ ማታ ሮጠው መጥተው ሕንጻውን ያዳኑ ተማሪዎች ተባልን። ቡና ቀረበልን። ንድፉን የሣልነው እኛ መሆናችንን አንድም ሰው አልጠየቀም፤ እኛም አልተናገርንም። ተቋራጩ የታረመውን ንድፍ ሲያስፈርመን፣ በለውጡ ዓይነት ዓምድ ውስጥ «ስሕተት» የሚለውን ሰርዞ «ማሻሻያ» እንድንል ነገረን፤ ማሻሻያ ብለን ፈረምን። እኅታችን መደወሏን ግን የደበቅነው በሌላ ምክንያት ነው፤ ማዳም ስልክ እንዳላት ካወቁ ይቀሟታል ብለን ስለ ፈራን። በዚህም ምክንያት ምስጋናው ለአጥፊዎቹ ሲሰጥ ሕንጻውን ያዳነችው በሰባተኛው ፎቅ ወለል ታጥብ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ዶራ ላይ አገኘናት።

«ምን ሆኖ ነበር?» ብላ ጠየቀችን።

«ትንሽ ነገር ነው፤ ተስተካክሏል» አልናት።

«ትንሽ ነገርማ ሰባት ፎቅ አይሸትም» አለችን። እኛም ሳቅን፤ እውነቱን ግን አልነገርናትም።

ቁልፉስ? ቁልፉ በማዳም ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ቀረ። የቱቦን፣ የሳጥንን፣ የሽቦን ልክ የሚወስን ደንብ በእጃችን አለ። ሰው ከሚያድርበት ቤት በእሳት ጊዜ የሚወጣበት መንገድ ይኑር የሚለውም ደንብ በየአገሩ የሕንጻ መጽሐፍ ተጽፏል። ነገር ግን የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ በተያዘበት፣ ካፋላ በሚባለው ሥርዓት ሥር ለምትኖር ሴት ያ ደንብ በወረቀት ላይ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 በቀውሱ ጊዜ ብዙ አሠሪዎች የሀገራችንን ልጆች ያለ ደመወዝ፣ አንዳንዶቹንም ያለ ፓስፖርት፣ በቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው እንደ ሄዱ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የእኛ ሽቦ ቢቀጣጠል ኖሮ ምርመራው የክርኑን መጥበብ ያገኝ ይሆናል፤ የተቆለፈውን በር ግን ማን ይጽፈው ነበር? ስለዚህ መሐንዲስ ሲሠራ፣ ስሌቱ ላይ የሚያስበው ነዋሪ በሩን ከፍቶ መውጣት የሚችለውን ብቻ መሆን የለበትም። መውጣት የማይችል ሰው በሕንጻው ውስጥ አለ ብሎ መሥራት አለበት፤ በእርግጥም አለ።

ይህን ለምን ለእናንተ እንጽፋለን? አብዛኞቻችን ዛሬ ወይም ነገ ወደ ሀገራችን ተመልሰን ወይም ከያለንበት ሆነን ለሀገራችን እንሠራለን። የዓባይ ግድብ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። በአዲስ አበባም በክልል ከተሞችም ሕንጻ ይሠራል። ኮረንቲ የሚመነጨው በትልቅ ተርባይን ቢሆንም ወደ ሰው ቤት የሚገባው በመታጠፊያ ነው። ለሕንጻ የኤሌክትሪክ ሥራ የራሳችን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቷል። ይሁን እንጂ ወደ ሀገራችን የሚገባው ዕቃ ከቻይና፣ ከቱርክ፣ ከአውሮፓ፣ ከዓረብ አገር ነው፤ የሚመለሰው መሐንዲስም እያንዳንዱ የተማረበትን አገር መጽሐፍ በሻንጣው ይዞ ይመጣል። እኛን የጣለን ይኸው ነው። ከአንዱ መጽሐፍ የሚመቸውን ገጽ፣ ከሌላው ደግሞ የሚመቸውን ወስደን፣ የማይመቸው ገጽ በሁለቱ መካከል ወደቀ። በየትኛውም ደንብ ብትሠሩ እስከ መጨረሻው አብራችሁት ሂዱ። ቱቦውን ለክታችሁ እንደሆነ ሳጥኑንም ለኩ፤ ሳጥኑን ለክታችሁ እንደሆነ ቀዳዳዎቹ የት እንደሚበሱ ጠይቁ። በሁለት መሳቢያ ቦታዎች መካከል ያሉት መታጠፊያዎች ተደምረው ከአራት ሩብ ዙር፣ ከ360 ዲግሪ እንዳይበልጡ ቁጠሩ። የሦስቱን ፌዞችና የኒውትራሉን ሽቦዎች በአንድ የብረት ቱቦ አብራችሁ አሳልፉ፤ ነጣጥሎ በተለያየ የብረት ቀዳዳ ማሳለፍ ብረቱን ራሱን ያግለዋል። በክርን ላይ ምንም ጽሕፈት ከሌለ፣ «አልተከለከለም» ብላችሁ አትተርጉሙት። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ እጁን ከትቶ «ጠባብ ነው» የሚላችሁን ሰው፣ ቋንቋችሁን ባያነብም፣ ስሙት።

እኅታችን ኮንትራቷን ጨርሳ ወደ ወሎ ተመልሳለች፤ ይህን ጽሑፍ ለማውጣት የደፈርነውም ከዚያ በኋላ ነው። ሳናሳውቃት ግን አላወጣነውም። በስልክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብንላት፤ ንድፉን የሣልነው እኛ መሆናችንን ያን ጊዜ ሰማች። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም «እና ያን ማታ ስትሮጡ የመጣችሁት ለእኔ ነው ወይስ ለሥዕላችሁ?» አለችን። ለሁለቱም ነበር አልናት፤ እውነቱም ይኸው ነው። «ይሁን፤ ጻፉት» አለችን። አሁን በከተማ ዳር ሁለት ክፍል ቤት እየሠራች ነው። ለቤቷ የሚገባው ሽቦ ባለ ሁለት ተኩልና ባለ አራት ካሬ ሚሊሜትር ስለሆነ የስድስት እጥፉ ሕግ አያገኘውም፤ ግን ሠራተኛው ቱቦውን እንዳያጭቀው፣ የሳጥኑም ክዳን ሳይገፋ እንዲዘጋ ንገሪው ብለናታል። እርሷም ሌላ ነገር ጨመረች፤ በሩ ከውስጥ በእጅ የሚከፈት ቁልፍ እንዲገባለት ለአናጢው ነግራዋለች።

በዚያ ንድፍ ላይ «ማሻሻያ» የሚል ቃል ከፊርማችን ጋር አለ። እዚህ ግን ስሕተት ብለን እንጽፈዋለን፤ የሠራነውም እኛ ነን።

ከቤይሩት፣ ሁለት አባሎቻችሁ